ሙዚቃ ቤቱ አይሸጥም

ጥቅምት 6

ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ሳይገባ ጣቶቼ መንሰፍሰፍ ጀምረዋል እንጂ ሌላ የምከሰው ነገር የለኝም። ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠብቅልኝ፤ መደርደሪያው ላይ የምትወጣበትን መሰላልም አብሮ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ አታነሳም። አንድ ቀን ብቻ አንስተህ "ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?" አልክ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ስል፣ "ይሄ መስመር አይሠራም" ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። መስመሩ ይሠራ ነበር። ከኋላህ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ እንኳ ሰምቻለሁ። ቅር ብሎኛል፤ ቅር ማለቴንም እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባባ፣ ያንተ አጎት፣ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ሙዚቃ ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ ሥራው ግን ያንተ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ቆመሃል፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ካሴት ሞተ። ሲዲ ሞተ። ሰው ዘፈኑን ከኪሱ አውጥቶ በሚሰማበት ዘመን ሸክላ ይዘህ ማንን ነው የምትጠብቀው? ጎረቤትህ የስልክ ሽፋን ነጋዴው ቤቱን ልግዛ ብሎ ሁለት ጊዜ ልኮብኛል። ለአንተ ሊነግርህ ፈርቶ ነው አሉ።

እዚህ በሰው አገር ደግሞ ከምሠራበት የአውቶቡስ ወንበር መስፊያ ጀርባ አንድ የሸክላ ሱቅ አለ። ባለቤቱ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። በምሳ ሰዓት ገብቼ ስለ አባባ ሱቅ አወራሁት። ዓይኑ በራ። አድራሻውን አስጻፈኝ፤ "ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚጠቀልል ሰው አውቃለሁ" አለኝ። ሸክላውንም ቤቱንም ተገላግለን አንተም ታርፋለህ።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

•

ታኅሣሥ 19

ለእታለም፣

ሙሉ ጤና መሆንሽን ከወረቀት ስላነበብኩ ፈጣሪ ይመስገን። መሰላሉ ደህና ነው። እኔም እንደ መሰላሉ ነኝ፤ እንቋቋለሁ እንጂ አልወደቅሁም።

"ታርፋለህ" ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽም ያረፈው እንደዚያ ነው፤ ካረፈ በኋላ ቀበርነው። እኔ ገና አልደከመኝም።

ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ነው የማልመልሰው። ጻፊልኝ፤ መጻፍ ይሻላል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ውሎዬን ልንገርሽና ፍረጂኝ። ከጠዋት እስከ ምሳ አሥራ አንድ ሰው ገባ። አራቱ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ። ሦስቱ ፍላሽ ይዘው፣ "አባት፣ የድሮ ዘፈን ጫንልን" ሊሉ። ሁለት ወጣቶች አንድ ሸክላ መዝዘው ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ፎቶ ተነሡና መለሱት፤ ያውም በማይገባው መደርደሪያ። አንዱ ሽንት ቤት የት ነው አለ። የቀረው ያ ጡረተኛው መምህር ነው፤ ታስታውሺው እንደሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ በየትኛው ሸክላ ላይ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ የሚሟገተኝ። በዓመት ሁለት ሸክላ ይገዛል። በሙግት ግን ከብሯል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። እኔም ይሰለቸኛል፤ አንዳንድ ቀን ፍላሹን ተቀብዬ ጉድጓድ ውስጥ ልወረውረው ይቃጣኛል። ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ለወንድሟ ሠርግ የጭፈራ ዘፈን ፈልጋ መጣች። የጠየቀችው የለኝም። ሌላ አንድ፣ ስሙንም ሰምታው የማታውቀውን አወጣሁላት። ቆማ ሰማች፤ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ደግማ ሰማች። ሠርጉን ትታ ለራሷ ገዝታው ሄደች። ስልክ የጠየቅሽውን ይሰጥሻል፤ እኔ ያልጠየቅሽውን ነው የምሰጥሽ። ይህ ሙያ ነው፤ አባትሽ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቤቱ አይሸጥም። ለዚያ መነጽሩን እንደ በሬ ቃጭል ላንጠለጠለው ሰውዬሽም አንድ ሸክላ አልሰጥም። ለጎረቤታችንም ፍርሃቱ ጥሩ ነውና ይቀጥልበት በይልኝ።

ደህና ሁኚ፤ ጣቶችሽን አሙቂ።

ወንድምሽ

•

መጋቢት 11

ለተከበሩ የአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለእርስዎም፣ ለሱቁም፣ ለሚጠይቅዎ ሁሉ ሰላም እመኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የሸክላ ሱቁ ሽማግሌ በመስኮት ጠራኝ። "ካንቺ አገር የመጣ ዕቃ ገባልኝ፤ ነይ እይ" አለኝ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ አንድ ሣጥን አለ። የመጀመሪያውን ሸክላ አንሥቼ ገለበጥኩት። ከጀርባው ያ ክቡ ሐምራዊ ማኅተማችን አለበት። በቀኝ ጥጉ ደግሞ የአባባ የእጅ ጽሑፍ፤ ሰባት ቁጥሯን በመሐል እየሰረዘ የሚጽፋት። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው። በየጊዜው መደርደሪያው አናት ላይ ለብቻ አስቀምጦ "እነዚህ አይነኩም" የሚላቸው ነበሩ። አሁን እያንዳንዳቸው ላይ ብጫ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ዋጋቸውን አልነግርዎትም።

እርስዎ በታኅሣሥ የጻፉልኝን አሁንም ከጎኔ አድርጌ ነው የምጽፈው። "አንድ ሸክላ አልሰጥም" ይላል። እኔ ልሽጥ ስል አረመኔ ሆንኩ፤ የአባትሽን ሙያ ተባልኩ። ታዲያ ይህ ሣጥን ክንፍ አውጥቶ ነው የመጣው?

ሸጠው ከሆነ ሸጥኩ ይበሉኝ። ገንዘብ ቸግሮዎት ከሆነ ቸገረኝ ይበሉኝ። የምጠላው መታለልን ነው።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

የአጎትዎ ልጅ

•

ሚያዝያ 2

"እርስዎ" ብለሽ ከምትጽፊልኝ ብትሰድቢኝ ይሻል ነበር። በጀርባዬ አዝዬሽ ሸክላ ቤት እየዞርሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?

ሣጥኑ ከዚህ ነው የሄደው። ሌላ የምለው የለኝም። ሌባ ማለትሽ ከሆነ በአማርኛ በይኝ፤ ቁልፉን የሚረከብ ሰውም ላኪ።

ሰላም ሁኚ።

•

ግንቦት 20

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። አንቱታውን መልሼ ወስጃለሁ፤ ንዴቴን ግን አልወሰድኩም።

ሌባ አላልኩህም። ጠየቅሁህ። ሰው ወንድሙን ጠይቆ ቁልፍ ተረከብ ይባላል? ለወር ያህል ደብዳቤህን ባየሁ ቁጥር እየበገንኩ የአውቶቡስ ወንበር ላይ መርፌ ስሰብር ከረምኩ።

ትናንት ለጎረቤትህ ደወልኩለት። ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስላንተ ነው። "አራት ቅዳሜ ተከታትሎ ዝግ ነው" አለኝ። "መምህሩም መጥቶ በሩን አይቶ ይመለሳል" አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቅዳሜ ዘግተህ አታውቅም። የእናትህ ቀብር እለት እንኳ ከሰዓት በኋላ ከፍተሃል፤ ሰው ታዝቦህ ነበር።

ምን ሆነህ ነው? አሞሃል? አንድ ነገር ደብቀኸኛል፤ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ፤ በግምት ነው የምናደደው። ወይ ልናደድ ወይ ልደንግጥ፣ አንዱን ምረጥልኝ።

እህትህ

•

ሐምሌ 28

ለእታለም፣

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው። ጤና ይስጥሽ፤ የእኔን ጤና አሁን ትሰሚዋለሽ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሐሜት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ በእኔ ላይ ቃል በቃል ይመጣል አላልኩም። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ እታለም። መጀመሪያ የሄደው ዋሽንቱ ነው። አንድ የማውቀውን ሸክላ አጫውቼ ዋሽንቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ዝም አለ። መርፌው አርጅቷል ብዬ ቀየርኩት። ሌላ መርፌ፣ ያው ዝም። ከዚያ ቫዮሊኑ ሄደ። ከዚያ የሴቶቹ ድምፅ እየራቀ እየራቀ፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚዘፍኑ መሰሉ። አሁን የቀረኝ ቤዙ ነው፤ እሱንም ወለሉ ላይ በእግሬ ነው የምሰማው። ስልክሽን የማላነሳው ለዚህ ነው። ሃሎ ያልኩሽ ቀን አንድ ቃል አልሰማሁም።

ለማን ልንገር? ዓይነ ስውር ሠዓሊ ሆንኩ ብዬ? የአፍ እንቅስቃሴ እያየሁ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ ኖርኩ። ሰው ሲገባ የሚጠይቀው ነገር ብዙም አይለያይም፤ ግማሹን ሳይናገር አውቀዋለሁ።

ሣጥኑም የሄደው በዚሁ ነው። በጥር አንድ የውጭ አገር ሰው አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ያቺን "አይነኩም" የምትባለዋን ሣጥን ራሱ በጣቱ ጠቆመ። አስተርጓሚዋ ፊቷን ወደ መደርደሪያው መልሳ ነው የምታወራው፤ አፏ አይታየኝም። "ማየት እንችላለን ወይ" ያለች መሰለኝና ነቀነቅሁ። ደግማ ተናገረች፤ ደግሜ ነቀነቅሁ። ሰውዬው ገንዘብ አስቀመጠ። አንድ ሊገዛ ነው ብዬ ከረጢት ልፈልግ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ሣጥኑ ከነአርባ ሸክላው በሩ ላይ ነው። "ቆይ!" ብዬ ወጣሁ። ሴትዮዋ ዞራ አንድ ነገር አለችኝ፤ ምናልባት "ተስማምተሃል እኮ" ነው። ምን ልበላት? አልሰማሁሽም ልበላት? መኪናው ሄደ። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ባንኮኒው ሥር ተቀመጥኩ። ላንቺ እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ?

ቅዳሜ መዝጋቴ ደግሞ ሌላ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ ሞልቶ ነበር፤ ሰባት ስምንት ሰው። አንዱ ጥሩ ነገር አሰማን አለ። ከአባትሽ ሸክላዎች አንቺ የምትወጃትን፣ ያቺን ረጅሟን አወጣሁ። አጽድቼ አስቀመጥኩ፤ መርፌውን አወረድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ባንኮኒው ላይ በጣቴ ምቱን መምታት ጀመርኩ። ሙሉውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ውስጤ እየዘፈነ ነበር። መሐል ላይ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። መምህሩ ነው። ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ አሳየኝ፦ "ማጉያው አልበራም።"

ሸክላው ባዶውን ሲዞር ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ኖሮ አብሬ እስቅ ነበር።

በቃ፤ ይህ ነው። ቤቱን ልትሸጪው ከፈለግሽ አሁን አልሟገትም።

ወንድምሽ

•

መስከረም 9

አንተ ሰው!

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ አሁን ተናድጃለሁ። ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቀኸኝ፣ እኔ ስልክ ውስጥ ስጮህ፣ የሠፈሩ ሰው በመስኮት እያየኝ ስጮህ፣ "መስመሩ አይሠራም"! ለመምህሩ አፍረህ፣ ለእኔ አፍረህ፣ ለአባባ ፎቶ ሳይቀር አፍረህ ይሆናል። ጆሮ እኮ አካል ነው፤ ጉልበት ያማል፣ ዓይን ይፈዛል። ማን ሰው ነው በጉልበቱ ሲያፍር ያየኸው?

ግን የእኔም ነገር አለ፤ ሳልናገረው ብቀር ያንቀኛል። ያ ሰውዬ ሣጥኑን በጣቱ የጠቆመው ጠንቋይ ስለሆነ አይደለም። የነገርኩት እኔ ነኝ። በዚያ በምሳ ሰዓት ለሽማግሌው አድራሻውን ብቻ አልሰጠሁትም፤ "መደርደሪያው አናት ላይ አባቴ ለብቻ ያስቀመጣቸው አሉ" ብዬ ፎከርኩለት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሽማግሌው ለዚያ ሸክላ ለሚጠቀልለው ነጋዴ ነገረው፣ ነጋዴው አንተ ጋ መጣ። ከዚያ እኔ ተነሥቼ አንተን "እርስዎ" አልኩህ። ይህን ካነበብክ በኋላ ምንም ብትለኝ ይገባኛል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ወደ ሱቁ ሄጄ ሽማግሌው ላይ ጮኽኩበት። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየን። እሱ እውነቱን ሲሰማ ቀይ ሆነ፤ ሣጥኑ እንዴት እንደተገኘ አላወቀም ነበር። አሥራ አራቱ ገና አልተሸጡም፤ በገዛበት መለሰልኝ። ሃያ ስድስቱ ግን ሄደዋል፤ የት እንደገቡ ማንም አያውቅም። አሥራ አራቱ አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ማጫወቻ የለኝም። በፖስታ አልልክም፤ ይሰበራሉ።

ለምን ልሽጥ እንዳልኩ ደግሞ ጠይቀኸኝ አታውቅም። መስፊያው ከዓመት በፊት በሳምንት ወደ ሦስት ቀን አውርዶኛል። የቀሩትን ቀናት መስኮት ላይ ተቀምጬ ሌሎቹ የሰፉትን ወንበር የያዘ አውቶቡስ ሲያልፍ እቆጥራለሁ። ያን ጊዜ ቤቱን ሽጬ ልመለስና አንድ ነገር ልጀምር እያልኩ ነበር። አልነገርኩህም። እኔም አፍሬ ነበር፤ እንግዲህ ዘራችን ነው።

ሽያጩን ትቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ገና እንደ ተናደድኩ ነኝ። ግን ልክ የምሆንበት መንገድ አላየሁም። ነገ ከነገ ወዲያ ሳትል ጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ። መምህሩ አብሮህ ይሂድ፤ ሐኪሙ የሚለውን እሱ ይስማልህ። አትከራከረኝ።

ይኸው ሰላምታው፦ ሰላም ላንተ ይሁን፣ ወንድሜ። ስለ ዋሽንቱ ብዙ አለቀስኩ።

እህትህ

•

ኅዳር 14

ለእታለም፣

ለአፍሽም ለእጅሽም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፉከራሽ ምን ልበልሽ? ተናድጄ ነበር፤ ሁለት ቀን ተናደድኩ። ከዚያ እኔም በሃያ ዓመት ውስጥ ስለዚያች ሣጥን ለስንቱ እንደፎከርኩ ቆጠርኩና ተውኩት። የሚያስፎክር ነገር ነበራ።

ሐኪሙ ጋ ሄድን። መምህሩ ሐኪሙን ስለ ጆሮ አፈጣጠር ሊያስተምረው ምንም አልቀረውም። መሣሪያ ሰጡኝ፤ ጆሮ ውስጥ የምትገባ፣ ከባቄላ የማትበልጥ። አሁን ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ። የበር መንጓጓት እሰማለሁ። መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ከመቀመጫዬ ያስነሣኛል። ሙዚቃውን ግን እንዳትጠይቂኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚበትኑ ነው የሚመስለው። ሐኪሙ "ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ" አለኝ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የለመድኩት ሌላ ነው፤ ይህን ለመልመድ ዕድሜ ከየት ይመጣል? ለንግግር የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ለዘፈን አልታሰበም። ሲናደዱ በማን እንደሚናደዱ የማይታወቅበት ነገር ከሁሉ ይከፋል።

ሱቁን በተመለከተ ደግሞ እኔው ወስኛለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ። ግማሹን ለጎረቤታችን አከራየሁት። ኮምፔንሳቶ ገጥመን በመሐል ከፈልነው። በእሱ በኩል ቀለም ቀለም መብራት ይበራል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈኑ ይጮኻል። እኔ መሣሪያዬን አወልቃለሁ፤ መደንቆርም አንዳንዴ ይጠቅማል። ካሴቶቹን በጆንያ አስወጣኋቸው፤ ያን ቀን መምህሩ አልመጣም፤ ማየት አልቻልኩም አለ። የኪራዩን ግማሽ ወደ አንቺ እልካለሁ፤ ቤቱ ያንቺ ነው። መመለሻሽን ከዚያ አጠራቅሚ፤ ስትመጪ ግን ወደ እረፍት ሳይሆን ወደ ሥራ ነው፤ መሰላል የሚወጣ ሰው እፈልጋለሁ።

ትናንት የሆነውን ልንገርሽና ልጨርስ። አንድ ባለታክሲ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ሽፋኑ የሚያምር አንድ ሸክላ መረጠ።

"ስንት ነው?"

"ማጫወቻ አለህ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?"

"ሳሎኔ ውስጥ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው።"

ደሜ ፈላ። "ግድግዳ ጆሮ አለው የሚሉትን አምነህ ነው?" አልኩት። "አንድ ገጽ ሳትሰማ አልሸጥልህም።"

"አባት፣ መኪናዬ መንገድ ዘግቷል!"

"እንግዲያው ሂድ። ሸክላው ግን ይቀራል።"

ተናዶ ወጣ። ውጭ ጡሩምባው ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ መኪናውን አስጠግቶት ነው። እያጉረመረመ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ማጉያውን አበራሁ፤ መብራቷን ሁለት ጊዜ አየሁ። መርፌውን አወረድኩና መሣሪያዬን ከጆሮዬ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። ያን ቆርቆሮ ከምሰማ ሰውዬውን ልመልከት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን ያይ ነበር። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቁልፉን የሚያሽከረክረው ጣቱ ቆመ። አገጩ ትንሽ ወረደ፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው ከሩቅ አይቶ እርግጠኛ ሳይሆን እንደሚቆመው ሆነ። የዘፋኟ ድምፅ የገባው እዚያ ላይ ነው፣ እታለም። ሸክላውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ከፊቱ አወቅሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ዋሽንቱ አለ። ዋሽንቱንም አየሁት።

መርፌው ሲነሣ ቀና ብሎ አንድ ነገር አለኝ። መሣሪያው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አልሰማሁም። አፉን አየሁት። "ገልብጠው" ነው ያለኝ።

ገለበጥኩለት።

ወንድምሽ፣ ከሱቁ